ሐይቁን የጋረዱት ግንቦች

ከቶሮንቶ ከተማ ታላቅ የባቡር ጣቢያ ወጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ በመመለስ በቤይ ጎዳና ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ የሚወርድ እግረኛ፣ መንገዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ የውኃውን ገጽ ከማየቱ በፊት ሦስት ግርዶሾችን ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ቀዳሚው ባቡሮች በላዩ የሚመላለሱበት፣ ግድግዳው የሚያልበው፣ በቀትርም ቢሆን መብራት የማይለየው መተላለፊያ ነው፤ ሁለተኛው በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ በከተማው ደቡባዊ ዳርቻ የሚያልፈው የጋርዲነር የመኪና አውራ ጎዳና ነው፤ ሦስተኛውና ከሁለቱ ይልቅ ሕዝቡን የሚያነጋግረው ግርዶሽ ግን በሐይቁ ጠርዝ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙት የኮንዶሚኒየም ግንቦች ናቸው። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ የሚዘልቅ ካህን በየክፍሉ ወደ ቅዱሱ ነገር እየቀረበ እንደሚሄድ ያውቃል፤ በዚህ ከተማ ግን ግርዶሾቹን አንድ በአንድ የሚያልፍ መንገደኛ ወደ ሐይቁ በቀረበ መጠን ሐይቁ ከወዲያ መኖሩን መጠራጠር ይጀምራል።

ሐይቁ ደግሞ በቀላሉ የሚሸሸግ ነገር አልነበረም። ኦንታሪዮ ከአምስቱ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በስፋት የመጨረሻው ቢሆንም፣ ወደ 19,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ የጣናን ስድስት እጥፍ ያህል የሚሆን፣ ጥልቀቱም እስከ 244 ሜትር የሚደርስ፣ ነፋስ በተነሣ ጊዜ እንደ ባሕር የሚናወጥ ውኃ ነው። በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 2.8 ሚሊዮን ያህል ነፍስ የተቆጠረባት ከተማ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህን የመሰለ ውኃ በደጇ ይዛ፣ ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ሳምንታትን ሐይቁን ሳያዩ ያሳልፋሉ።

ስለ እነዚህ ሕንጻዎች የሕዝቡን አስተያየት ለመስማት ሩቅ መሄድ አያሻም። እንግዳ ይዘው ወደ ሐይቁ ዳር የሚወርዱ ታክሲ ነጂ ወገኖቻችንም ይናገሩታል፤ በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ተራቸውን ጠብቀው የሚነሡ ሽማግሌዎችም ይናገሩታል፤ በዳንፎርዝ ጎዳና በሐበሻ ምግብ ቤት ተቀምጦ ስለ ከተማው የሚጨዋወት ሰው ሁሉ ነገሩ ወደ ሐይቁ ያዘነበለ እንደ ሆነ ከአፉ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም «ግድግዳ» የሚል ነው። አንዱ የመልካቸውን መመሳሰል ያነሣል፤ ሌላው ከግንቦቹ ራስ ወርዶ በእግረኛው መንገድ ላይ የሚሽከረከረውን ነፋስ ይረግማል፤ ሦስተኛው ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በምትሄድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ጥላቸው በሐይቁ ዳር በሚያልፈው በኩዊንስ ኪ ጎዳና ላይ ተጋድሞ መዋሉን ያማርራል። አንድ ሕዝብ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ይህን ያህል ተለያይቶ በአንድ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ስምምነት ሲገኝበት፣ ነገሩን የአላዋቂዎች ሐሜት ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም፤ ምስክርነት ነውና በምስክርነት ሥርዓት ሊመረመር ይገባዋል።

እነዚህ ኮንዶሚኒየሞች መንግሥት ሠርቶ በዕጣ የሚያድላቸው፣ በአዲስ አበባ የምናውቃቸው ዓይነት ቤቶች አይደሉም። የሕንጻ ኩባንያዎች ለትርፍ ሠርተው የሚሸጧቸው፣ እያንዳንዱ ባለቤት የገዛውን ክፍል ለራሱ ይዞ ደረጃውን፣ ሊፍቱንና ጣሪያውን ግን ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ የሚይዝባቸው ግንቦች ሲሆኑ፣ የኦንታሪዮ ግዛት ይህን የባለቤትነት ሥርዓት በሕግ ያጸናው በ1967 ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት በሐይቁ ዳር የተነሡት ግንቦች እንደ ዘመናቸው መልክ ይለያያሉ። በመርከብ መሳፈሪያው አጠገብ በ1970ዎቹ የቆሙት የሃርበር ስኩዌር ሕንጻዎች በርዝመታቸው ሳይሆን በስፋታቸው የሚከብዱ፣ እንደ ተገተረ ሰሌዳ ውኃውን የከለሉ የኮንክሪት ጅምላዎች ናቸው፤ የ1980ዎቹ ትውልድ በመልክ ለስለስ ቢልም በቦታ አያያዙ ከአባቶቹ አልተሻለም፤ ከ2000 ወዲህ የመጡት ደግሞ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ለብሰው፣ ቀጥነውና ረዝመው፣ አንዱ ከሌላው እስከማይለይ ድረስ ተመሳስለው ቆመዋል። በ1980ዎቹ ከተሠሩት አንዱን፣ ኪንግስ ላንዲንግን፣ የነደፈው አርተር ኤሪክሰን ካናዳ ካፈራቻቸው የሥነ ሕንጻ ሊቃውንት በስም ከሚጠሩት አንዱ ነበረ፤ ይህም ችግሩ የንድፍ ችሎታ ማነስ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል።

እንግዲህ ችግሩ ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ከሕንጻዎቹ ዕድሜ አልፎ ወደ ከተማይቱ ልደት መመለስ ያስፈልጋል። በ1793 የእንግሊዝ ምክትል አገረ ገዢ ጆን ግሬቭስ ሲምኮ ከተማይቱን ዮርክ ብሎ በቆረቆረ ጊዜ የሐይቁ ጠርዝ ዛሬ ፍሮንት በሚባለው ጎዳና ላይ ነበረ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው ምድር ሁሉ፣ የባቡር ጣቢያው ሐዲድም፣ አውራ ጎዳናውም፣ ግንቦቹም የቆሙበት መሬት፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ አፈርና ፍርስራሽ ወደ ውኃው እየተደለደለ በሰው እጅ የተፈጠረ ነው። ምድሩ የተፈጠረ እንደ መሆኑ መጠን ዕጣ ፈንታውም በሰው ውሳኔ የተቆረጠ ነው። በ1818 በሐይቁ ዳር የሚገኝ ረጅም ሰቅ መሬት ለሕዝቡ መንሸራሸሪያ ሆኖ ለዘለዓለም እንዲጠበቅ ለባለአደራዎች በጽሑፍ ተሰጥቶ ነበር፤ የከተማይቱም ሰው ማታ ማታ ወደ ውኃው ወርዶ ከልጆቹ ጋር እየተዘዋወረ ነፋስ የሚቀበልበት ስፍራ እንዲኖረው የታሰበው ገና ያን ጊዜ፣ ከተማይቱ ከመንደር ባልበለጠችበት ዘመን ነው። ይህ አደራ አርባ ዓመት እንኳ አልቆየም። በ1850ዎቹ የባቡር ኩባንያዎች መጡ፤ ከተማይቱ ከዓለም ጋር የምትገናኝበትን ሐዲድ ከመሻቷ የተነሣ የገዛ ዳርቻዋን አሳልፋ ሰጠች፤ ለመንሸራሸሪያ የታሰበው ምድር የፉርጎና የጢስ መዋያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚህ የመጀመሪያ ውል ተከታይ ነው ለማለት እደፍራለሁ። በ1911 የተቋቋመው የወደብ ኮሚሲዮን ምድሩን ወደ ሐይቁ እየገፋ ለመጋዘንና ለፋብሪካ አዘጋጀው። በ1959 የቅዱስ ሎረንስ የመርከብ መንገድ ሲከፈት ቶሮንቶ ታላቅ የባሕር ወደብ ትሆናለች ተብሎ ተስፋ ቢደረግም፣ ንግዱ ብዙም ሳይቆይ በኮንቴይነር መጓዝ ስለ ጀመረ ተስፋው ሳይሰምር ቀረ፤ መጋዘኖቹም ባዶአቸውን ቆሙ። በዚሁ ዘመን፣ ከ1955 ጀምሮ እስከ 1966፣ የሜትሮፖሊታን ቶሮንቶ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር በነበረው በፍሬድሪክ ጋርዲነር ስም የተጠራው አውራ ጎዳና በከተማውና በሐይቁ መካከል ተገነባ። መኪና የዘመኑ ንጉሥ ነበረና፣ ባዶ ከቀረው የመጋዘን ሰፈር በላይ መንገድ ቢዘረጋ ማን ይጎዳል ተብሎ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሰፈር ዛሬ ሰው የሌለበት መሆኑ ነገም ሰው የማይሻው ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሕዝቡ ዳርቻውን መልሶ የሚያገኝበት ዕድል በ1972 መጥቶ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ ፌደራል መንግሥት በምርጫው ዋዜማ ከ30 ሄክታር የሚበልጥ የወደብ መሬት ገዝቶ ለከተማው ሕዝብ አበረከተ፤ ሃርበርፍሮንት የተባለውም ይህ ነው። ከአሮጌ መጋዘኖች ውስጥ ቲያትር፣ የሥዕል ማሳያና የእጅ ጥበብ መሥሪያ ተከፈተ፤ ሕዝቡም በበጋ ወራት ለሙዚቃና ለበዓል እየጎረፈ ወረደ። በ1926 እና በ1927 የተሠራው ታላቁ የተርሚናል መጋዘን በ1983 ታድሶ ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ ቤት ሲሆን፣ አሮጌውን ነገር ሳያፈርሱ አዲስ ሕይወት መስጠት እንደሚቻል አስተማረ። ይህን ሥራ ማመስገን ይገባል። ሆኖም በሥራው ውስጥ አንድ የተሰወረ ሕመም ነበረ፦ መንግሥት መሬቱን ሰጥቶ የዘወትር ገንዘቡን ግን መቀነስ ስለ ፈለገ፣ ቲያትሩና በዓሉ የሚተዳደሩት ለሕንጻ ኩባንያዎች ከሚሸጠውና ከሚከራየው መሬት በሚገኝ ገቢ እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ሥርዓት መሠረት ሕዝቡ በሐይቁ ዳር አንድ ምሽት ሙዚቃ ለመስማት ሲል ሐይቁን የሚጋርድ አንድ ግንብ መቀበል ነበረበት። ማንም በክፋት ያደረገው አይመስለኝም፤ የሒሳብ መዝገቡ ይህን ጠየቀ፣ ሹማምንቱም ለመዝገቡ ታዘዙ።

ግንቦቹ አንድ በአንድ ሲነሡ ቁጣውም ተነሣ። ጩኸቱ ከፍ እያለ ሄዶ በ1987 ፌደራሉ መንግሥት በሃርበርፍሮንት ምድር ላይ የሚደረገውን ግንባታ አገደ፤ በ1988ም ስለ ሐይቁ ዳር የወደፊት ዕጣ የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሲዮን አቋቁሞ ዴቪድ ክሮምቢን በኮሚሽነርነት ሾመ። ክሮምቢ ከ1973 እስከ 1978 የከተማው ከንቲባ የነበረ፣ በከንቲባነቱም ዘመን የመሐል ከተማውን ሕንጻዎች ቁመት ለጊዜው በ45 ጫማ እንዲወሰን ያደረገ፣ ሰፈር ማለት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። ኮሚሲዮኑ ዓመታት ሙሉ ሕዝቡን ሲያዳምጥ ቆይቶ በ1992 የመጨረሻ መግለጫውን ሲያቀርብ የሐይቁ ዳር ሊተዳደርባቸው የሚገቡ ዘጠኝ ሥርዓቶች ተደንግገው ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ዳርቻው ንጹሕ፣ ለሁሉ ክፍት፣ በአቅም የሚቻልና ለዓይን ያማረ ይሁን የሚሉት ይገኙባቸዋል። የሕዝቡ የውበት ጥያቄ፣ ባለሙያዎች የጣዕም ጉዳይ ነው እያሉ የሚያልፉት ጥያቄ፣ በመንግሥት ሰነድ ላይ ከውኃ ንጽሕና ጎን ለጎን መጻፉ እጅግ የሚያስደስተኝ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ስለ ግንቦቹ ፍርድ ከመስጠት በፊት የሚኖሩባቸውን መስማት ፍትሕ ነው። በኩዊንስ ኪ ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ ግንብ በ26ኛው ፎቅ፣ ልጃቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት በብድር በገዛችው ጠባብ ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ትውልዳቸው ከጣና ሰሜናዊ ዳር፣ ከጎርጎራ ነው። ቡና ሊያፈሉልኝ ሲነሡ ከሰል በሕንጻው ደንብ የተከለከለ ስለ ሆነ በኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የጢስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮኽ መስኮቱን ገርበብ አድርገው ቆሉት፤ ዕጣኑንም ለዓመት በዓል ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ፣ እንደሚያጨሱ ነገሩኝ። እኔም የከተማው ሰው ሁሉ የሚለውን፣ ግንቦቹ ሐይቁን ጋረዱት የሚለውን ነገር ባነሣባቸው፣ ጀበናውን አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ጠቆሙኝ።

«ልጄ፣ እናንተ ከታች ሆናችሁ ታሙታላችሁ፤ እኔ ግን ጧት ተነሥቼ መጋረጃውን ስገልጠው ያደግሁበትን አገር ያየሁ ይመስለኛል። አምላኬን የማመሰግነው በዚህ ውኃ ነው።»

በእውነቱ ከዚያ መስኮት የሚታየው ሐይቅ፣ ከከተማይቱ ፊት ለፊት ባሉት ደሴቶች ታጥሮ በማዶ ከሰማይ ጋር የሚገናኘው ውኃ፣ ለማንም ሰው ምስጋና የሚያስገባ ነው። ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸው ጨምረው፣ በጎርጎራ ውኃው የማንም ስለ ነበረ ልጅ ሁሉ ወርዶ እግሩን እንደሚነክር፣ እዚህ ግን ሐይቁን በየቀኑ እያዩት ከዳሩ የወረዱት ጥቂት ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ ክረምቱንም ከግንቡ በታች ያለውን ነፋስ ፈርተው እንደማይወጡ ነገሩኝ። እኒህ እናት ለግንቡ ጠበቃም ከሳሽም ሆነው ያልተለማመዱትን ምስክርነት ሰጡ፤ ለእኔም ከጉባኤ ቤት ክርክር ይልቅ የእርሳቸው ንግግር ነገሩን ገለጠልኝ። እይታው አንድ በአንድ በየፎቁ ተከፋፍሎ ተሽጧል፤ የገዛው ደስ ይለዋል፤ ያልገዛው ከግንቡ ጀርባ ይቆማል፤ ሁሉም በእኩል የሚካፈለው ጠርዙ ግን ባለቤት አጥቶ ቀረ።

ውበት ብቻውን የክርክሩ ሥር አለመሆኑን ሌላም ነገር ያስረዳል። ወደ ዋርድስ ደሴት በሚሄደው ጀልባ ተሳፍሮ ከውኃው መካከል ወደ ከተማይቱ የሚመለከት ሰው እነዚያኑ ግንቦች በምዕራቡ ፀሐይ ወርቅ ተቀብተው፣ 553 ሜትር የሚረዝመው የሲ ኤን ማማ ከበላያቸው ቆሞ ሲያይ ከልቡ ይደነቃል፤ የከተማይቱን ገጽ በፖስታ ካርድ ያተሙትም ከዚያ ቆመው ነው። በአንጻሩ ደግሞ በጃርቪስ ጎዳና ግርጌ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ የሬድፓዝ ስኳር ማጣሪያ ፋብሪካ አለ። ፋብሪካው ግዙፍ፣ መስኮተ ጥቂት፣ ለውበት ሲባል አንድ ድንጋይ እንኳ ያልተጨመረበት ሕንጻ ነው፤ ነገር ግን ቶሮንቶዎች ይወዱታል። በ2010 ከፋብሪካው አጠገብ ሹገር ቢች የተባለው ሰው ሠራሽ አሸዋማ ዳርቻ ተከፍቶ፣ ሰዎች ከሮዝ ጥላዎቹ በታች ተጋድመው ከሩቅ አገር የመጣ መርከብ ጥሬ ስኳሩን ሲያራግፍ እየተመለከቱ፣ የስኳሩን ሽታ እያሸተቱ ከሰዓት በኋላውን ያሳልፋሉ። በምዕራብ በኩል በ1928 የተሠሩት የካናዳ ማልቲንግ የእህል ጎተራዎችም መስኮት የለሽ የኮንክሪት ዐምዶች ሲሆኑ፣ አይፍረሱ ብሎ የሚሟገትላቸው ሕዝብ አላጡም። ፋብሪካውና ጎተራው በውኃው ዳር የቆሙት ለውኃ ሥራ ነው፤ ጎተራው ሥራውን ቢያቆምም፣ ወደ ፋብሪካው መርከብ ዛሬም ይመጣል፣ ሰውም ሥራውን ያያል። ብዙዎቹ ግንቦች ግን የሐይቁን መልክ እንጂ ሐይቁን አይሹትም፤ በእግራቸው ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ መግቢያ፣ ዘበኛ የተቀመጠበት አዳራሽና ዕውር ግድግዳ ነው። ሕዝቡ «አስቀያሚ» ብሎ የሚጠራው ከሩቅ የሚታየውን ራሳቸውን ሳይሆን ይህን እግራቸውን ይመስለኛል።

መልካቸው ለምን እንዲህ ተመሳሰለ ቢባል፣ መልሱ ከነዳፊዎቹ ጠረጴዛ ይልቅ ከባንክ ቤት ይገኛል። ኩባንያው ለግንባታው ብድር ለማግኘት ከቤቶቹ አብዛኞቹን አስቀድሞ፣ ገና በወረቀት ላይ ሳሉ፣ መሸጥ ይኖርበታል፤ በወረቀት ላይ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊኖርበት ሳይሆን ሊያከራየው ወይም አትርፎ ሊሸጠው ስለ ሆነ፣ ቤቶቹ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ለግንቡ ፊትና ለምድር ቤቱ የሚሰጠው አሳብም በዚያው ልክ ያንሳል። ከፎቅ ወለል እስከ ፎቅ ወለል የሚገጠመው የመስተዋት ግድግዳ ፈጥኖ የሚቆምና ዋጋው የሚቀንስ እንደ መሆኑ ተመራጭ ሆነ፤ ሙቀት በክረምት ማፍሰሱና በበጋ መጋሉ ግን ለሚኖርበት ሰው ቀረ። በ2011 በጋ ከአዳዲስ ግንቦች በረንዳ ላይ መስተዋት እየተሰበረ ወደ ጎዳና በወደቀ ጊዜ ሕዝቡ ደነገጠ፤ የግዛቱ መንግሥትም በተከታዩ ዓመት የሕንጻ ደንቡን አሻሻለ። ከተማው በ2013 ያጸደቀው የረጃጅም ሕንጻዎች መመሪያ የአንድ ግንብ ወለል ከ750 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በግንብና በግንብ መካከልም ቢያንስ 25 ሜትር እንዲኖር መከረ፤ የቀደሙት ሰፋፊ ግድግዳዎች እንዳይደገሙ የታሰበ መልካም ምክር ነው። በውጤቱ ግን ስፋት የተከለከለው ወደ ላይ ሸሸ፤ በያንግ ጎዳና ግርጌ፣ የቶሮንቶ ስታር ጋዜጣ በነበረበት ስፍራ፣ ከ100 ፎቅ የሚያልፍ ግንብ እንዲቆም እስከ መፍቀድ ተደርሷል።

በዚህ ላይ አንደበት የሌላቸው ፍጥረታት ዕዳ አለ። በመጸውና በጸደይ ሐይቁን በሌሊት የሚሻገሩ መንገደኞች አእዋፍን የግንቦቹ ብርሃን ስቦ፣ መስተዋቱም ሰማይ መስሎ አታልሎ ይገድላቸዋል። በ1993 በዚህችው ከተማ የተመሠረተው ፍላፕ የተባለ የበጎ አድራጊዎች ማኅበር አባሎች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በግንቦቹ ሥር የወደቁትን ትናንሽ ወፎች ሲለቅሙ፣ የቆሰሉትን በወረቀት ከረጢት ሲያሳርፉ ኖረዋል፤ ከተማውም ለሕንጻ ሠሪዎች ለወፍ የሚጠነቀቅ መመሪያ ያወጣው እነርሱ ባሰሙት ጩኸት ነው። ጥቂት ሰዎች በትዕግሥት ይህን ያህል ማግኘታቸው የሕዝብ አስተያየት ከንቱ አለመሆኑን ያሳያል።

ከተማ ሲያድግ ዳርቻውን ማጣቱ የማይቀር ነው የሚሉ ሰዎች ቺካጎን ይመልከቱ። በዚያ በ1836 የሐይቁ ዳር በካርታ ላይ ለሕዝብ የጋራ ስፍራ ሆኖ ሕንጻ እንዳይሠራበት ተጽፎ ነበር፤ ይህም ከቶሮንቶ አደራ ብዙ የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ የሚጠብቀው ሰው መገኘቱ ነው። ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው ነጋዴ ከ1890 ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል ከተማውን ራሱን እየከሰሰ፣ በሹማምንትና በጋዜጣ እየተጠላ፣ ዳርቻውን ከሕንጻ አዳነው። በ1968 ሌክ ፖይንት ታወር የተባለው ባለ 70 ፎቅ የመኖሪያ ግንብ ከሐይቅ ዳሩ አውራ ጎዳና ወዲያ፣ በውኃው ወገን ብቻውን በበቀለ ጊዜም፣ ቺካጎ ሌላ እንዳይከተለው በ1973 የሐይቅ ዳር መጠበቂያ ሕግ አወጣች። ዛሬ ያ ግንብ ብቻውን ስለ ቆመ ያምራል እንኳ ይባልለታል።

በቶሮንቶ ሕዝቡ ድምፁን የሚያሰማበት ሥርዓት አለ፤ በሥፍራው ላይ ማስታወቂያ ይሰቀላል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ በምክር ቤቱም ፊት ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ነገር ግን ምክር ቤቱ የሕዝቡን አሳብ ተቀብሎ ዕቅዱን ቢከለክል፣ ኩባንያው ይግባኙን በግዛቱ መንግሥት ወደ ተሾመው የመሬት ጉዳይ ዳኝነት ይወስደዋል፤ ይህ ችሎት ኦንታሪዮ ሙኒሲፓል ቦርድ ይባል በነበረበት ዘመን የተመረጡ ሹማምንትን ውሳኔ እየሻረ ከተማውን ሲያስመርር ኖሯል፤ ከ2018 ወዲህ ስሙ ሁለት ጊዜ ቢለወጥም ሥልጣኑ ከዚያው ከግዛቱ እጅ አልወጣም። የከተማው ጠበቆችም ይህን ስለሚያውቁ ከመሸነፍ መስማማት ይሻላል ብለው፣ ከ60 ፎቅ ላይ ጥቂቱን አስቀንሰው፣ በለውጡ አንድ ትንሽ የአትክልት ቦታ ተቀብለው ይመለሳሉ። ሕዝቡ የሚጠየቀው ግንቡ ስንት ፎቅ ይሁን ተብሎ ነው፤ ዳርቻው የማን ይሁን ተብሎ የተጠየቀበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ስለ ፎቅ ቁጥር የሚደረገው ክርክር ሰውን ያደክመዋል፤ የደከመ ሕዝብም «አስቀያሚ ነው» ብሎ ትቶ ይሄዳል።

የተሻለ ነገር መሥራት እንደሚቻል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ታይቷል። በ2001 ሦስቱ መንግሥታት፣ የፌደራሉ፣ የግዛቱና የከተማው፣ እያንዳንዳቸው 500 ሚሊዮን ዶላር መድበው ዋተርፍሮንት ቶሮንቶ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ይህ ድርጅት ከቀደመው የተለየ መንገድ ይዞ፣ ግንቦቹ ሳይነሡ በፊት መናፈሻውንና የእግረኛውን መንገድ አስቀድሞ መሥራት ጀመረ። በ2015 ታድሶ የተከፈተው የኩዊንስ ኪ ጎዳና ከመኪናው ላይ ሁለት መስመር ወስዶ ለእግረኛና ለብስክሌት ሰጠ፤ በድንጋይ በተነጠፈው ሰፊ መንገድ ላይ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን በጋሪ የሚገፉ፣ በነጠላ የተከናነቡ፣ በሳሪ የተጠቀለሉ፣ ሁሉም ዓይነት ሰዎች ሲመላለሱ ይታያል። ከኋላቸው ያሉት ግንቦች ያው ናቸው፤ በእግራቸው ሥር ያለው ምድር ሲለወጥ ግን ስለ እነርሱ የሚሰማው ምሬት ቀለል ብሏል።

አሁን ደግሞ ታላቁ ፈተና በምሥራቅ በኩል ቀርቧል። ከመቶ ዓመት በፊት በቀኝ ማዕዘን ታጥፎ በኮንክሪት ቦይ እንዲወጣ የተደረገው የዶን ወንዝ፣ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት እንደ ጥንቱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አዲስ አፍ ተቆፈረለት፤ በዙሪያውም ረግረጉና ሣሩ ተመልሶ፣ ቢዳሲጌ የተባለው መናፈሻ በ2025 ለሕዝብ ተከፈተ። ወንዙ በአዲስ መንገድ ሲፈስ የከበበው ምድር ደሴት ሆነ፤ ለደሴቱም በጥንተ ባለርስቶቹ በአኒሺናቤ ሕዝብ ቋንቋ ኡክዌሚን ሚኒሲንግ የሚል ስም ወጥቶለታል። ቤት የተቸገረ ሰው በበዛበት ከተማ ይህ ምድር መኖሪያ መሆኑ ትክክል ነው፤ የቤቶቹም ቁጥር ከመጀመሪያው ዕቅድ ከፍ እንዲል መወሰኑን አልቃወምም፤ የጎርጎራዋ እናት ያገኙትን መስኮት ሌሎችም ሊያገኙት ይገባልና። የደሴቱ የቤት ካርታ ግን ገና በጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤትና ድርጅቱ የመጀመሪያው መሠረት ሳይቆፈር፣ ምድር ቤቱ ለማን እንደሚከፈት፣ ከውኃው ጠርዝ እስከ መጀመሪያው ግድግዳ ስንት ሜትር ለሕዝብ እንደሚቀር፣ በኅዳር ወር በቀትር ጥላው የት እንደሚወድቅ፣ ነፋሱም በእግረኛው መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ሳይሆን በእግሩ የሚሄድ ሰው ቆሞ በሚያየው ቁመት ተሥሎ፣ ሕዝቡ በዚያው በወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ እንዲያየውና እንዲፈርድበት ያድርጉ፤ የወሰነውንም በሕግ ያጽኑት።